የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ጎማ ከውስጥ በኩል ሲበላ ምን መደረግ አለበት?

ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው የኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች በባትሪያቸው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝኑና ፔዳሉ እንደተረገጠ ሙሉ ጉልበታቸውን ስለሚሰጡ፣ ጎማቸው ቶሎ ማለቁ አያስገርምም። አሳሳቢው ሳይመጣጠን ሲበላ ነው፤ በተለይ የኋላ ጎማ ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ሙሉ መስሎ፣ የውስጥ ጠርዙ ሽቦው እስኪወጣ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ክሪኩን ከባትሪው ሥር ሳይሆን አምራቹ በፈቀዳቸው ነጥቦች ላይ ብቻ አድርገው መኪናውን ያንሱና የጥርሱን ጥልቀት ከውስጥ፣ ከመሃልና ከውጭ ለየብቻ ይለኩ። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋሱ አንሷል፤ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል። የውስጡ ብቻ ካለቀ ካምበሩን (ጎማው ከፊት ሲታይ ላዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን) ወይም ቶውን (ከላይ ሲታይ የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበትን ማዕዘን) ይጠርጥሩ። ሽቦ አለመውጣቱን አረጋግጠው መዳፍዎን በጎማው አግድም ወዲያና ወዲህ ሲያሻሹ፣ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው የቶ ነው።

ከአላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን ከማስተካከል) በፊት ያለቀ ቡሽ ወይም ቦልጆይንት (የጎማውን ተሸካሚ ክንዶች የሚያያይዙ መጋጠሚያዎች) አለመኖሩን ያስፈትሹ፤ አለበለዚያ የተስተካከለው ልኬት አይቆይም። የአየር ሳስፔንሽን (መኪናውን በታመቀ አየር የሚሸከም ሥርዓት) ያለው መኪና ዝቅ ሲል ካምበሩ ስለሚቀየር፣ አምራቹ ባዘዘው ከፍታ ላይ ያልተወሰደ ልኬት ዋጋ የለውም፤ ይህን ባለሙያውን ከመጠየቅ ወደኋላ አይበሉ። የአራቱንም ጎማዎች የቅድመና ድኅረ ማስተካከያ ውጤት ታትሞ እንዲሰጥዎትም ይጠይቁ።

የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት እኩል ከሆነ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ያቀያይሯቸው፤ ከተለያየ ግን የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር አይቻልም። አዲስ ሲገዙም የጭነት መለያ ቁጥሩ (ጎማው የሚችለውን ክብደት የሚያመለክተው በጎኑ የተጻፈ ቁጥር) ከፋብሪካው ጎማ ያላነሰውን ይምረጡ።