የጀልባ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የጀልባዋን ጀርባ ለኩ

ሞተር ሲገዛ ሁሉም የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። ስንት ነው፣ ቤንዚን ስንት ይጠጣል፣ ዋጋውስ? የሻፍቱን፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ወደ ውሃው ወርዶ ፕሮፔለሩን (ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ) የሚይዘውን እግር፣ ርዝመት የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እሱ ካልገጠመ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ውሃ በላው ማለት ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ፣ ማለትም ትራንሰሙን ለኩ። የጀልባዋ ሆድ መሃል ላይ ዝቅ የሚል ከሆነ ዳሩን ሳይሆን መሃሉን ነው የምትለኩት። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ስለዚህ ሜትሩን እሱ ላይ አታስተኙት፤ ከሆዷ ሥር ስታጃ (ቀጥ ያለ ጣውላ) ወደ ኋላ አውጡና ከላይኛው ጠርዝ ቱምቢ (ክብደት የታሰረበት ገመድ) ጣሉ፣ ከጠርዙ እስከ ስታጃው ያለው ነው ቁመቱ። 38 ሴንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ሾርት (አጭር) ሻፍት፣ 51 ከሆነ ሎንግ (ረጅም)፣ 64 ከሆነ ኤክስትራ ሎንግ (በጣም ረጅም) ትገዛላችሁ።

ያገለገለ ሞተር ከሆነ ሻጩ ያላችሁን ብቻ አትመኑ። ራሳችሁ ለኩት፦ ግድግዳው ላይ ከሚቀመጠው የመያዣው ክፍል አንስቶ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለው ጠፍጣፋ ክንፍ ድረስ። ያ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መዋል አለበት።

ሻፍቱ ካጠረ ጀልባዋ ስትታጠፍ ወይም ማዕበል ሲያነሳት ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ይባስ ብሎ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባው ከታች ስለሆነ አየር ከገባበት ሞተሩ ይግላል። ከረዘመ ደግሞ ይጎትታታል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ውሃ ይረጫል። ጣና ላይ ለምትሠሩ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳር ዳሩማ በበጋ ድንጋዩ ቅርብ ነው፣ የረዘመ ሻፍት ይመታዋል።

በትንሹ ከረዘመ ከመያዣው ሥር ጠንካራ ጣውላ አስገብታችሁ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ካጠረ ግን እባካችሁ ግድግዳውን በመጋዝ አትቁረጡ! ከኋላ የሚመጣውን ማዕበል የሚመልሰው እሱ ነው፤ ሰው የምትጭኑ ከሆነማ ጨርሶ አይታሰብም። ሞተሩን ቀይሩት።

ከገጠማችሁ በኋላ እንደ ሥራ ቀን ሰውም ዕቃም ጭናችሁ ሞክሩ፣ ባዶ ጀልባ ያታልላል። ሞተሩ ውሃ የሚተፋበትን ቀዳዳ እያያችሁ ንዱ። ውሃው ከቀጠነ ቁመቱን ከመነካካታችሁ በፊት አጥፉትና ማስገቢያውን እዩ፤ እምቦጭ ባለበት ውሃ ሥሩ እዚያው ተወትፎ ሊሆን ይችላል።