በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል? ለምክር ቤትና ለውሃ ቦርድ አባላት

የአንድ ከተማ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ግንባታን ሲጎበኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ሪፖርት ሁለት ቁጥሮችን የያዘ ነው፤ እነሱም የፊዚካል ሥራው አፈጻጸም በመቶኛና የፋይናንስ አፈጻጸሙ በመቶኛ ናቸው። ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ኮንክሪቱ መቶ በመቶ ተጠናቆ፣ ክፍያውም አንድ ሳይጎድል በሕጉ መሠረት ተፈጽሞ፣ ከቧንቧ የሚወጣው ውሃ ለሕፃን የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ውሃውን መከተል አለበት፤ ከምንጩ ጀምሮ በማጣሪያው አልፎ ከማከፋፈያው መጨረሻ ላይ እስካለችው ቦኖ ድረስ።

በሥራው ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ፖሊሲና ደረጃን በተመለከተ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ በጥናት፣ በዲዛይንና በግንባታ ክትትል የክልሉ ውሃ ቢሮ፣ በማስተዳደር ደግሞ የከተማው የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ከነቦርዱ ኃላፊነት አለባቸው። የውሃውን ጥራት ከውጭ ሆኖ መከታተል የጤናው ዘርፍ ድርሻ ነው። ይህ የመጨረሻው በብዙ ቦታ ይዘነጋል፤ ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው አካል ራሱ ብቻ እየመረመረ ራሱ ብቻ ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ ግን ቁጥጥር አለ ማለት አይቻልም። እንግዲህ ኮሚቴው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ የጤና ጽሕፈት ቤቱ በወር ስንት ናሙና እንደሚወስድ፣ ከየት እንደሚወስድና ውጤቱን ለማን እንደሚልክ በጽሑፍ እንዲቀርብለት ይጠይቅ።

ውል ሳይፈረም

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ማንም ወደ ግንባታው ቦታ ከመሄዱ በፊት ነው። የዲዛይን ሰነዱን ያገኘ የኮሚቴ አባል መሐንዲስ ባይሆንም ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የጥሬ ውሃው ናሙና በየትኞቹ ወራት ተወሰደ የሚለው ነው። በጥርና በየካቲት የተወሰደ የወንዝ ወይም የግድብ ውሃ በሐምሌና በነሐሴ ደለል ተሸክሞ ከሚመጣው ውሃ ጋር ምንም አይገናኝም። ማጣሪያው በበጋው ውሃ ልክ ከተነደፈ ክረምት በገባ በመጀመሪያው ወር ይታፈናል። ስለዚህ የአንድ ሙሉ ዓመት፣ ቢያንስ ደግሞ የክረምቱን ወራት የሚያካትት የጥራት መረጃ የሌለው ዲዛይን ወደ ጨረታ እንዳያልፍ መከልከል ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ውሃው ውስጥ ያለው ችግር በተመረጠው የማጣሪያ ዓይነት ይወገዳል ወይ የሚል ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ጣሪያ በላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ተራ የአሸዋ ማጣሪያም ሆነ ክሎሪን አያስወግደውም። ውሃው ጠርቶ ይታያል፣ የባክቴሪያ ምርመራውንም ያልፋል፣ የልጆችን ጥርስና የአዋቂዎችን አጥንት ግን ይጎዳል። እዚህ ላይ ሌላ የውሃ ምንጭ መፈለግ ወይም ውሃዎችን መቀላቀል ከማጣሪያ ግንባታ ይልቅ ይበጅ እንደሆነ መጠናቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከማጣሪያው በላይ ያለው መሬት ነው። የጎንደርን ከተማ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙን ምን ያህል እንዳጣ የውሃ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የተፋሰስ ጥበቃው ሥራ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ካልገባ ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ በስም ካልተጠቀሰ ማጣሪያው ዓመት በዓመት እየባሰ የሚሄድ ጭቃ ይጠብቀዋል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚጠየቀው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም በዚሁ ጊዜ ይታይ፤ በተለይ ከማዝቀጫ ገንዳዎቹ የሚወጣው ዝቃጭና ማጣሪያው የታጠበበት ውሃ የት እንደሚፈስ ይጠየቅ።

ከዚህ ጋር የገንዘቡን ባሕርይ መረዳት ይገባል። በእርዳታ የመጣ፣ ከመደበኛ በጀት የተመደበና ከውሃ ልማት ፈንድ በብድር የተገኘ ገንዘብ ለምክር ቤቱ አንድ አይደሉም። ብድር ከሆነ የከተማው ነዋሪ በታሪፍ ይከፍለዋል፤ ማጣሪያው ባይሠራም ይከፍለዋል። የብድር ስምምነቱን ከታሪፍ ጥናቱ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ በእኔ እምነት የምክር ቤት አባል በሕዝብ ፊት ካለበት ግዴታ የመጀመሪያው ነው።

ግንባታው ሲካሄድ

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል፤ ክልሎች ደግሞ የራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። የጨረታው ሥርዓት መከበሩን ኦዲተር ያየዋል። ኮሚቴው ጊዜውን ማዋል ያለበት በክፍያ ምስክር ወረቀቱና በቦታው ላይ በሚታየው ነገር መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ከሥራ መጠን ዝርዝሩ ላይ ጥቂት መስመሮችን መርጦ፣ ለምሳሌ ቧንቧ በሜትር ወይም አሸዋ በሜትር ኩብ፣ ተከፍሎበታል የተባለው መጠን መኖሩን ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር ቆሞ ማየት ከሃምሳ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ያስረዳል። የለውጥ ሥራ ትዕዛዝ፣ ማለትም ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሥራውን ወይም መጠኑን የሚቀይር ትዕዛዝ፣ በበዛ ቁጥር ደግሞ ዲዛይኑ ከመጀመሪያው ያልተሟላ ነበር ወይስ ዋጋው ሆን ተብሎ ዝቅ ብሎ ቀርቦ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከአፈር በታች የሚቀሩ ሥራዎች አፈር ከመልበሳቸው በፊት ካልታዩ በኋላ አይታዩም። የመስመር ቧንቧ በግፊት የተፈተሸበት መዝገብ፣ ገንዳው ውሃ ተሞልቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሲቆይ ምን ያህል እንደወረደ የተለካበት መዝገብ፣ የማጣሪያው አሸዋ በወንፊት ተለይቶ የተመረመረበት ውጤት፣ እነዚህ ሦስቱ በፋይሉ ውስጥ ከሌሉ ቀጣዩ ክፍያ ይዘግይ። ከአቅራቢያ ወንዝ የተጫነ፣ ያልታጠበና ያልተመጠነ አሸዋ የገባበት ማጣሪያ ወይ ቶሎ ይዘጋል፣ ወይ ቆሻሻውን አሳልፎ ይለቃል።

ርክክብ በየትኛው ወር?

ለኮሚቴዎች ሁሉ አንድ ምክር ብቻ እንድሰጥ ቢፈቀድልኝ የምሰጠው ይህን ነው፤ የማጣሪያው የሙከራ ሥራ ክረምትን ሳያይ የመጨረሻ ርክክብ አይፈረም። ጊዜያዊ ርክክቡ በበጋ ቢፈጸም እንኳ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሐምሌንና ነሐሴን እንዲያካትት፣ ከተቋራጩ የተያዘው ገንዘብም በእነዚህ ወራት የተመዘገበው የጥራት ውጤት ከታየ በኋላ እንዲለቀቅ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ተቋራጩን በዚህ ማስገደድ አስቸጋሪ ነው።

የሚለካውም ግልጽ ነው። የውሃው ድፍርስነት ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ አቅም ባነሰባቸው ቦታዎችም ከ5 እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ምክንያቱም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ተህዋስያን ከቅንጣቶች ጋር ተጣብቀው ከክሎሪን ያመልጣሉ። ክሎሪኑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቀሪው ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ከተጠቃሚው ቧንቧ ላይ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሊሆን ይገባል። በ100 ሚሊሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚጠቁመው ባክቴሪያ፣ ጨርሶ መገኘት የለበትም።

ሥራ ከጀመረ በኋላ፦ መዝገቡና መጋዘኑ

ቁጥጥር ብዙውን ጊዜ በምረቃው ቀን ያበቃል፤ የሕዝቡ ጤና ግን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ወደ ማጣሪያው የሚሄድ ኮሚቴ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይልቅ በቀጥታ ወደ ኦፕሬተሮቹ ክፍል ገብቶ የየሰዓቱን መዝገብ ይጠይቅ። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች 0.5፣ 0.5፣ 0.5 የሚል የቀሪ ክሎሪን ቁጥር በአንድ እጅ ጽሑፍና በአንድ ቀለም ተደርድሮ ከታየ፣ በሐምሌ የተመዘገበው የጥሬ ውሃ ድፍርስነትም በጥር ከተመዘገበው ጋር አንድ ከሆነ፣ ያ መዝገብ ከመለኪያ መሣሪያ የመጣ አይደለም። እውነተኛ መዝገብ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን መብራት ስለጠፋ ባዶ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም መጥፎ ቁጥር ይዞ ይገኛል። መጥፎ ቁጥር የጻፈ ኦፕሬተር ሊመሰገን እንጂ ሊቀጣ አይገባም፤ ይህን ኮሚቴው በግልጽ ካልተናገረ ሌላ ጊዜ የሚያገኘው የተዋበ ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ መጋዘኑን መቁጠር ነው። ስሌቱ ማንም ሊሠራው የሚችለው ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያመርት ማጣሪያ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢጨምር በቀን 20 ኪሎ ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልገዋል። የሚገዛው የክሎሪን ዱቄት ጥንካሬ 70 በመቶ ቢሆን ይህ በቀን ወደ 29 ኪሎ፣ በወር ደግሞ ወደ 860 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው። የግዥ ሰነዱና የመጋዘን ወጪ ደረሰኙ በወር 300 ኪሎ ብቻ የሚያሳዩ ከሆነ ወይ ውሃው በቂ ክሎሪን አያገኝም፣ ወይ የሚመረተው ውሃ ከሚነገረው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሁለቱም ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ዱቄቱ በሙቀትና በእርጥበት ጥንካሬውን ስለሚያጣ የተመረተበት ቀንና የተቀመጠበት ሁኔታም አብሮ ይታይ።

ድፍርሱን የሚያጓጉለው አሉሚኒየም ሰልፌትም በዚሁ መንገድ ይሰላል። በሊትር 30 ሚሊግራም ቢጨመር ለዚሁ ማጣሪያ በቀን 300 ኪሎ፣ በወር 9 ቶን ይሆናል፤ በክረምት ከዚህ በብዙ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጠን የሚገዛ አገልግሎት ተገቢው የኬሚካል መጠን የሚለይበትን የጃር ሙከራ እየሠራ መሆኑ ያጠራጥራል። በሙከራው ላይ መገኘት ከባድ አይደለም፦ በረድፍ የተቀመጡ ብርጭቆዎች አንድ ዓይነት ጥሬ ውሃ ይሞላሉ፣ ለየብርጭቆው የተለያየ መጠን ኬሚካል ይጨመርበታል፣ መጀመሪያ በፍጥነት ከዚያም በዝግታ ይማሰላል፣ ሲቆም የትኛው ብርጭቆ ላይ ድፍርሱ ቶሎ ተጓጉሎ እንደሚዘቅጥ በዓይን ይታያል። ላቦራቶሪው ውስጥ የሙከራ መሣሪያው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ከተገኘ መጠኑ በግምት እየተወሰነ ነው።

ናሙናም ከማጣሪያው በር ላይ ብቻ አይወሰድ። ከመስመሩ ጫፍ ያለው ሰፈር፣ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው፣ ቧንቧ ባዶ ሲሆን ከዙሪያው ፍሳሽ ሊገባበት የሚችለው እሱ ነው። በኪስ የሚያዝ የክሎሪን መለኪያና ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ የሚያደርገውን የዲፒዲ ክኒን ይዞ አንድ ቦኖ ላይ መቆም፣ ውሃው ሮዝ ቀለም መያዙን ወይም ነጭ ሆኖ መቅረቱን ከነዋሪዎች ጋር ማየት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል።

መረጃ ሲከለከል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የምክር ቤት አባል ሰነድ የሚጠይቀው በሥልጣኑ ነው፤ ተራ ነዋሪ ወይም ጋዜጠኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የጥራት ምርመራ ውጤቶችን፣ ውሉንና የክፍያ ሰነዶችን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ከተከለከለም ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ጥያቄው «ስለ ውሃው መረጃ ስጡኝ» በሚል ሳይሆን «ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 የተመዘገበው የየቀኑ ድፍርስነትና ቀሪ ክሎሪን ቅጂ» በሚል ተለይቶ ቢጻፍ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

የክልሉ ዋና ኦዲተር የሚያደርገው ኦዲት ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። የፋይናንስና ሕጋዊነት ኦዲት ገንዘቡ በአግባቡ መውጣቱን ያያል፤ ገንዘቡ የታሰበለትን ውጤት ማምጣቱን የሚያየው የክዋኔ ኦዲት ነው። ምክር ቤቱ ለማጣሪያው የክዋኔ ኦዲት እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል፤ ግኝቱ ሲመጣም ለእያንዳንዱ ጉድለት የሚያርመውን ኃላፊና የሚታረምበትን ቀን አስመዝግቦ፣ በቀጣዩ ጉባኤ ያንኑ ዝርዝር በመጀመሪያው አጀንዳ ላይ እንደገና ማስነበብ አለበት።