ሆድ ሲብስ ፍሪጅ መክፈትን እንዴት መተው ይቻላል?

በአማርኛ የሚራበውም ሆድ ነው፤ የሚብሰውም ሆድ ነው። ታዲያ ብንምታታ ምን ይገርማል? እኔ ራሴ በስልክ ተጨቃጭቄ ስዘጋው፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ግማሽ ዳቦ ቆሜ ጨርሻለሁ። የባነንኩት ፍርፋሪው ሲቀር ነው።

መጀመሪያ የጠየቃችሁ የትኛው ሆድ እንደሆነ ለዩ። እውነተኛ ርሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ያገኘውን ይበላል። ከስሜት የሚመጣው ግን ድንገተኛ ነው፤ ደግሞም ያማርጣል። ቦምቦሊኖ ወይ ቺፕስ ካልሆነ ይላል። የእኔ መፈተኛ የትናንት ሽሮ ነው። "አሁን ቢቀርብልኝ እበላዋለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካላችሁ ርቧችኋል፣ ብሉ። "ኧረ ሽሮስ ይቅርብኝ" ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ጻፉ። የምግቡን መጠን ተዉት፤ ከመብላታችሁ በፊት የሆነውን ያዙ። ስልክ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ "11 ሰዓት ተኩል፣ አለቃዬ ደወለ፣ ሳምቡሳ።" "ማታ 4 ሰዓት፣ ብቻዬን፣ ዳቦ በማር።" በሳምንቱ መጨረሻ ስታነቡት የሚደጋገም ሰዓት ታገኛላችሁ። አንዳንዴ የሚደጋገም ሰውም አለ።

ሰዓቱ ከታወቀ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት። አምሮቱ ሲመጣ "አልበላም" ብላችሁ አትማሉ፤ "ከ10 ደቂቃ በኋላ" በሉ። እስከዚያ ከተናደዳችሁ ወጣ ብላችሁ ተራመዱ። ከከፋችሁ ለሚሰማችሁ ሰው ደውሉ። ከደከማችሁ ደግሞ ጋደም በሉ። ከዚያም በኋላ ካማራችሁ ሳህን ላይ አውጡና ቁጭ ብላችሁ ብሉ። ከድስቱ እየጠቀሱ የበሉትን ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

ምሳ አትዝለሉ። ቀኑን በማኪያቶ የዋለ ሰው ማታ ፍሪጁ ፊት ምን አቅም ይኖረዋል? እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የምትቀምሱትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ ሲያንስ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ በተለይ የጣፋጭ። ቆሎውንና ብስኩቱን ደግሞ ከዓይን አርቁት።

አንድ ማታ ቢያመልጣችሁስ? ያጋጥማል። ብቻ በማግስቱ ቁርስ በመተው ለማካካስ አትሞክሩ፤ ማታውን ያባብሰዋል።

በአጭር ጊዜ ብዙ እየበላችሁ ማቆም የሚያቅታችሁ፣ ተደብቃችሁ የምትበሉ ወይም የበላችሁትን ለማስመለስ የምትሞክሩ ከሆነ ግን በራስ ምክር አትቆዩ። ይህ የሚታከም ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ያቺን የሳምንት ማስታወሻም ይዛችሁ ግቡ፤ "መቼ መቼ ነው የሚያጋጥምሽ?" ወይም "የሚያጋጥምህ?" ስትባሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ማሳየት ነው።