የድሮ ሎጂክ ምልክቶች አልነበብ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

የዛሬውን የሎጂክ ምልክት የለመደ ሰው የቀደሙትን ጽሑፎች ሲከፍት ይደናገራል። ብዙ ጊዜ ሎጂኩ አይደለም የከበደው። ከየት ተጀምሮ እንደሚነበብ አለማወቅ ነው።

ችግር፦ ጀርመናዊውን የሎጂክ ሊቅ ፍሬገን ሳነብ «ከሆነ» ይገለበጥብኛል።

ምክንያቱ፦ እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣው የፍሬገ አጻጻፍ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሄዳል። ላይ ያለው ውጤቱ ነው፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው ሁኔታው። ከላይ የጀመረ ሰው ሁለቱን ያቀያይራል።

መፍትሄ፦ ከታች ጀምሩ። የሥሩን «ይህ ከሆነ» በሉና ወደ ላይ ውጡ። ለአማርኛ እንዲያውም ይመቻል፤ እኛም ሁኔታውን ነው የምናስቀድመው። ከአግድሙ መስመር ሥር ያለችውን አጭር ጭረት እንዳትዘሏት፤ «አይደለም» ማለት ናት። «አንዳንድ» የሚል ምልክት ደግሞ አትፈልጉ፣ የለም። ፍሬገ «አንዳንድ ሰው ይዋሻል» ለማለት «እያንዳንዱ ሰው የማይዋሽ ነው የሚለው ሐሰት ነው» ብሎ ይዞራል። ሌላው ጀርመናዊ ሎጂከኛ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1880 ይህን አጻጻፍ እንደ ጃፓኖች ቁልቁል መጻፍ ነው ብሎ ነቅፎታል። እኔ ግን ፍሬገ ያለ አግባብ የተወቀሰ ይመስለኛል፤ ሁኔታዎቹ ሲበዙ ተደርድረው በግልጽ ይታያሉ።

ችግር፦ ፕሪንሲፒያ ማቴማቲካ ነጥብ በነጥብ ነው፤ ቅንፉ የታለ?

ነጥቦቹ ናቸው ቅንፎቹ። የመጽሐፉ ደራሲዎች ዋይትሄድና ራስል ከጣሊያናዊው ፔአኖ ወሰዱት። ነጥቡ በበዛ ቁጥር ቅንፉ ይሰፋል። ስለዚህ ብዙ ነጥብ ያለበትን ማያያዣ (እንደ «እና»፣ «ከሆነ» ያለውን ምልክት) አስቀድማችሁ ፈልጉ። ሀ፣ ለ እና መ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሀ⊃ለ ማለት «ሀ ከሆነ ለ» ነው፦

ሀ⊃ለ . ⊃ : ለ⊃መ . ⊃ . ሀ⊃መ

ሁለት ነጥብ የተጠጋው ⊃ ዋናው ነው (ሁለት ነጥቡ የቃል መለያ እንዳይመስላችሁ)። በቅንፍ ሲጻፍ፦

(ሀ⊃ለ) ⊃ ((ለ⊃መ) ⊃ (ሀ⊃መ))

አንድ ወጥመድ አለ፦ ከማያያዣ ጎን ሳይሆን በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ብቻውን የቆመ ነጥብ «እና» ማለት ነው።

ችግር፦ የፖላንዳዊው ሎጂከኛ የዉካሼቪች ቀመር ቅንፍም ነጥብም የለው፣ ፊደል ብቻ።

ማያያዣው (እሱም ፊደል ነው) ሁልጊዜ ስለሚቀድም ቅንፍ አያስፈልገውም። ከቀኝ ወደ ግራ ሂዱ። ማያያዣ ስታገኙ ከቀኙ ያሉትን ቅርብ ሁለት ጠቅልሉ፤ ለ«አይደለም» አንድ ይበቃል።

ችግር፦ አሜሪካዊው ሎጂከኛ ፐርስ ቀመር ሳይሆን ክብ ነው የሚስለው።

ክቡ «አይደለም» ነው፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ደግሞ «እና»። ከውጭ ወደ ውስጥ አንብቡ። በአንድ ክብ ውስጥ ሀ እና ሌላ ትንሽ ክብ ካለ፣ በትንሹም ውስጥ ለ ካለ፣ «ሀ ሆኖ ለ አይደለም የሚለው ሐሰት ነው» ማለት ነው፤ ማለትም ሀ ከሆነ ለ። አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ በመካከላቸው ምንም የሌለ ሁለት ክብ ካገኛችሁ ሁለቱንም አጥፏቸው።