እጅ የማይደርስበትን የጀልባ ሞተር ዘይት ፊልትሮ ስለ መቀየር

በወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሎጎ ሐይቅ ላይ ባለሞተር ጀልባ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከመደበኛ የጥገና ሥራዎች ሁሉ ዛሬ ነገ እያለ የሚያቆየው የዘይት ፊልትሮ (ማጣሪያ) መቀየርን ነው። ሥራው በራሱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ መኪና ላይ ቢሆን ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። በጀልባ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ የናፍጣ ሞተር ግን ግራና ቀኙ በግድግዳ የተያዘ በመሆኑ፣ ፊልትሮው ብዙውን ጊዜ ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ጀርባ ወይም ከጭስ ማውጫው ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ ዓይን አያየውም፣ እጅም በግድ ነው የሚደርስበት። እንዲህ ባለ ቦታ ጉልበት የሚያመጣው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለም። ሥራው የሚቀለው ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት በሚደረገው ዝግጅት ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመለዋወጫ መደብሩ ነው። ብዙዎቹ አነስተኛ የጀልባ ናፍጣ ሞተሮች ከትራክተር ወይም ከኢንዱስትሪ ሞተር የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ተስማሚ ፊልትሮ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካሉ መደብሮች ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን መመሳሰል ብቻውን አይበቃም። ባለ 3/4 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ፊልትሮና ባለ ኤም 20 በ1.5 (የ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር) ፊልትሮ በዓይን አይለዩም፤ የኤም 20ው ፊልትሮ በሞተሩ ባለ 3/4 ኢንች መግጠሚያ ላይ ልቅ ሆኖ ሊገባና የያዘ ሊመስል ይችላል፣ የዘይቱ ግፊት ሲመጣ ግን ያፈስሳል ወይም ጨርሶ ይላቀቃል። ስለዚህ የሞተሩን መመሪያ ወይም በአሮጌው ፊልትሮ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ መሄድና የጎሚኒውን (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱን) ስፋት፣ ጥርሱንና ቁመቱን ማመሳከር ያስፈልጋል። ፊልትሮው በአግድም ወይም አፉ ወደ ታች ሆኖ የሚታሰር ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚያግደው የጎማ ቫልቭ በውስጡ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ምንም ሳይፈታ፣ እጅን ወደ ፊልትሮው እየላኩ መንገዱን ማጥናት ይገባል፦ የትኛው እጅ ይደርሳል፣ ክርን የት ላይ ያርፋል፣ ቁልፉ ስንት ጣት ያህል ለመዞር ቦታ አለው፣ አሮጌው ፊልትሮ ከተፈታ በኋላ በየትኛው ክፍተት ይወጣል። አዲሱን ፊልትሮ በዚያው ክፍተት አስገብቶ መሞከር ይቻላል፤ ካላለፈ የሚነሳውን ቱቦ ወይም ክዳን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ዓይን የማያየውን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስቶ መመልከት በእጅጉ ይረዳል። ፊልትሮ ከግርጌው (ከተዘጋው ጫፉ) በኩል ሲታይ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ ከሞተሩ በላይ ተጎንብሶ ከጀርባ በኩል ለሚይዘው ሰው ግን አቅጣጫው የተገለበጠ ይመስለዋል፣ በዚህም ምክንያት ሊፈታው ፈልጎ ይበልጥ ያጠብቀዋል። የመፍቻውን አቅጣጫ በፊልትሮው ጎን ላይ በቀለም በቀስት ምልክት ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከዚያ ሞተሩ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሠራና ይጠፋል፤ የሞቀ ዘይት ቀጭን ስለሚሆን ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የጭስ ማውጫው እጅ እንዳያቃጥል ትንሽ ይጠበቃል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፣ የብረት ቁልፍ ከሞተሪኖው ገመድ ጋር ቢነካካ ብልጭታ ይፈጥራልና። ከጀልባው ወለል ውሃ በራሱ የሚያወጣ ፓምፕ ካለም መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የፈሰሰውን ዘይት ቀጥታ ወደ ሐይቁ ይተፋዋል። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ታፖ፣ ማለትም የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑ፣ በጀልባ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይደረስበትም፤ ስለዚህ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገብቶ በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን መሳብ የተለመደው መንገድ ነው።

ፊልትሮውን ለመፍታት በመጀመሪያ እጅ ይሞከራል። እጅ የሚንሸራተት ከሆነ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወገን ወደ ፊልትሮው አድርጎ መጠቅለል አስገራሚ ጉልበት ይሰጣል። ካልሆነ የቀበቶ ወይም የሰንሰለት ቁልፍ፣ ጎን ለጎን ቦታ ከሌለ ደግሞ ከግርጌው የሚገጠምና በማስረዘሚያ የሚዞር ክዳን መሰል ቁልፍ ያስፈልጋል። በካቻቢቴ ወግቶ ማዞር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ቆርቆሮው ተቀዶ መያዣ ሊያሳጣ ይችላል፣ የሚወጋ ከሆነም ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ርቆ ወደ ግርጌው ይሁን። ፊልትሮው እንደላላ ቁልፉን አስቀምጦ ወፍራም ፌስታል ከሥሩ ማልበስና የቀረውን በፌስታሉ ውስጥ በእጅ ማዞር ይገባል፤ ፊልትሮውም ዘይቱም እዚያው ይወድቃሉ። ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ያመለጠውን ይይዛል።

አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት መውጣቱን ማየት ግዴታ ነው። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሁለቱ ጎሚኒዎች ግፊት ሲመጣ ተንሸራተው ዘይቱን በሙሉ በአጭር ጊዜ ሊያስወጡት ይችላሉ። ቦታው ስለማይታይ በጣት ዙሪያውን መዳሰስና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያሻል። የአዲሱ ጎሚኒ በንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀባል። ፊልትሮው አፉ ወደ ላይ የሚቆም ከሆነ ዘይት አስቀድሞ መሙላት ጥሩ ነው፤ ተጋድሞ የሚታሰር ከሆነ ግን መሙላቱ ወለሉን ከማቆሸሽ በስተቀር ፋይዳ የለውም። ጥርሱ እንዳይበላሽ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ግራ አዙሮ ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ወደ ቀኝ ማዞር፣ ጎሚኒው ሲነካ ደግሞ በፊልትሮው ላይ የታተመውን መከተል ይገባል፤ በአብዛኛው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ነው፣ ያውም በእጅ ብቻ። ቀንና የሞተሩን የሥራ ሰዓት በቆርቆሮው ላይ መጻፍ እንዳይረሳ።

በመመሪያው የተጠቀሰው መጠን ያለው ዘይት ከተጨመረና ባትሪው ከታሰረ በኋላ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳል። የዘይት መብራቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። መብራቱ ከጠፋ ደግሞ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ እየሠራ በፊልትሮው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት አዙሮ ማሳለፍ በዓይን የማይታየውን ፍሳሽ ያሳያል። መጠኑ የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ኮፓው ከወረደ በኋላ፣ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ሳያዘነብል ነው። የውሃ ፓምፑ የሚከፈተው ወለሉ በጨርቅ ከደረቀ ወዲያ ብቻ ነው፤ ሎጎ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ዘይት ታጥቦ አይሄድም፣ ቆሮሶውና አምባዛውም የሚኖሩት እዚያው ነው። አሮጌው ዘይት በጀሪካን ተከድኖ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ፤ ፊልትሮውም አፉ ወደ ታች ተደርጎ ዘይቱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ይቆይ።

አንዳንድ ባለ ጀልባዎች ይህን ሁሉ ለማስቀረት ፊልትሮውን በሁለት የጎማ ቱቦዎች አርቀው በግድግዳው ላይ ማሰርን ይመርጣሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ጎማ ሁለት አዳዲስ መጋጠሚያዎች ያመጣል፣ አንዱ ቢላቀቅ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል። የሞተር ዘይት ሙቀትና ግፊት የሚችል ጎማ ከነመጋጠሚያው ካልተገኘ ፊልትሮውን ባለበት መተው ይሻላል።