የምታደንቁትን የእንስሳት ሐኪም ስታገኙ

ለዓመታት ያደነቃችሁት የእንስሳት ሐኪም ስብሰባ ላይ ድንገት ፊታችሁ ቢቆም ምን ትላላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ «በጣም ነው የማደንቅዎት» ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው አመሰገኑኝና ሄዱ። አለቀ!

አሁን ያቃተኝን አንድ ኬዝ ይዤ ነው የምሄደው። የእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜና ክብደት፣ የታየው ምልክት፣ የሰጠሁት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሁሉም በግማሽ ደቂቃ። የራጅ ወይም የደም ምርመራ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ካለ ግሩም ነው፤ የባለቤቱን ስም ግን ሸፍኑት። እንዲህ ስትጠይቋቸው ወንበር ስበው የሚቀመጡ አሉ።

አንጋፋዎቹን ደግሞ ያልተሳካላቸውንና የፈተናቸውን ነገር ጠይቋቸው። ከብት ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በዚያ ዘመቻ ከብት ሲከትቡ የኖሩ ሐኪሞች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ክትባቱን ሙቀት ሳያበላሸው ገጠር ድረስ እንዴት እንዳደረሱት ከአፋቸው ስሙ።

ንግግራቸውን ገና ጨርሰው ሰው ሲከባቸው ግን አትጋፉ። የሻይ ሰዓት ይሻላል። ሰልፊውም መጨረሻ ላይ ይሁን።