ነዳጅ «አልሞላም» የሚል መኪና፦ ጥፋቱ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

ቀጂው ኖዝሉን ከትቶ ገና ሁለት ሊትር ሳይቀዳ «ጣ» ብሎ ይቆማል። እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይቆማል። ጌጁ ግማሽ እንኳን አልደረሰም። ሰበታም ሆነ ሱሉልታ፣ ወረፋው ከኋላ ተሰልፎ ክላክስ እያሰማ ሳለ ባለመኪናው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማደያውን ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተዘጋው ነዳጁ የሚገባበት ሳይሆን አየሩ የሚወጣበት መንገድ ነው።

ኖዝል ታንከር መሙላቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጅ ሲፈስ በእሷ በኩል አየር ይሳባል። ነዳጅ ወይም አረፋ ወጥቶ ቀዳዳዋን ከሸፈናት የሚሳበው አየር ይቋረጣል፤ ያኔ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይሳብና ምላጩን ይለቀዋል። ታንከሩ ባዶ ቢሆንም ወደ አንገቱ (ኖዝሉ ወደሚገባበት የመሙያ ቧንቧ) የተመለሰ ነዳጅ ካለ ይዘጋል ማለት ነው። 30 ሊትር ነዳጅ እንዲገባ 30 ሊትር አየር መውጣት አለበት፤ የአውቶሞቢል ኖዝል ደግሞ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር ገደማ ያፈሳል። አየሩ በዚያው ፍጥነት ካልወጣ ነዳጁን ገፍቶ ይመልሰዋል።

መኪናው ስር ከመግባትዎ በፊት ማደያው ላይ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ሌላ ፓምፕ ወይም ሌላ ማደያ ላይ በደንብ ከሞላ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ እዚያው ይተዉት። በሁሉም ቦታ የሚቆም ከሆነ ቀጂው ኖዝሉን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ፣ ወይም ሩብ ዙር አዙሮ፣ ምላጩን በከፊል ብቻ ይጫን። በቀስታ ሲቀዳ የሚገባ፣ በሙሉ ፍጥነት ሲቀዳ የሚቆም ከሆነ የአየሩ መንገድ ጠቧል እንጂ ጨርሶ አልተደፈነም። በቀስታም እምቢ ካለ ሙሉ መዘጋት ይጠርጥሩ።

የገባውን ሊትርም ልብ ይበሉ። የጌጁ ተንሳፋፊ ተጣብቆ «ግማሽ» እያለ የሚዋሽ መኪና ጥቂት አይደለም፤ ታንከሩ በእርግጥ ሞልቶ ሳለ መተንፈሻውን (አየሩ የሚወጣበትን ቱቦ) ሲፈቱ መዋል ከንቱ ድካም ነው። የቪትዝ ታንከር የሚይዘው ከ40 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። መኪናው ካለፈው ሙሌት በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ከሆነ አልቀበልም ማለቱ አያስደንቅም።

ክዳን መቀየር ይህን ችግር አይፈታም፤ ሲቀዳ ክዳኑ ተከፍቷልና። ሲከፈት «ሽሽ» ማለቱም ብቻውን በሽታ አይደለም። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የመጣ መኪና ከ500 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ የውጩ አየር ሲሳሳ ታንከሩ ውስጥ ያለው መተንፈሱ የተፈጥሮ ነው።

ናፍጣ ከሆነ

ሥራው ይቀላል፤ የናፍጣ መኪና የቤንዚን ትነት የሚያጠምድ ካኒስተር የለውም። ያለው አንገቱ፣ ወፍራሙ የመሙያ ጎማና ከጎኑ የሚሄደው ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ናፍጣ ግን አረፋ ይሠራል፤ የከባድ መኪና ኖዝል በትንሽ አንገት ውስጥ ከተከተተ ጤነኛውንም መኪና ያስቆመዋል። በጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ የነዳጅ ሌባ ቱቦ እንዳይከት ተብሎ አንገቱ ውስጥ ወንፊት ይገባል። ወንፊቱ በዝቃጭ ከተደፈነ ወይም ቀዳዳዎቹ ከመጀመሪያውም ጠባብ ከሆኑ ነዳጁ እላዩ ላይ ይቆማል። አውጥቶ በናፍጣ ማጠብና ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት በቂ ነው።

አንገቱና ቱቦዎቹ

ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ይህን ክፍል በችኮላ አይለፉት፤ አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው እዚህ ነው። ታንከሩ ከሩብ በታች ይሁን፤ ሥራው ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተፈትቶ ይሠራ። መብራት የባትሪ ፋኖስ ብቻ፤ በገመድ የሚንጠለጠል አምፖል እንዳያስቡት። መኪናው ክሪክ ላይ ብቻ ቆሞ ስሩ አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ያስገቡ።

የኋላ ጎማውን አውጥተው የጭቃ መከላከያውን ፕላስቲክ ሲፈቱ አንገቱ ይታያል። ወፍራሙን የመሙያ ጎማ ከዳር እስከ ዳር በእጅዎ ይጫኑት፤ የለሰለሰና ያበጠ ቦታ ካገኙ ውስጡ ተላቅቆ መንገዱን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። የኋላ ጎኑ ተጋጭቶ ላሜራው የተሠራ መኪና ከሆነ አንገቱ የተጣመመ ወይም ጎማው የታጠፈ መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ከዚያ ቀጭኑን ቱቦ ከላይም ከታችም ይፍቱና በብስክሌት መንፊያ አየር ይስደዱበት። ያለ ትግል ማለፍ አለበት።

በየጋራዡ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ያረጀውን መተንፈሻ በተራ የውሃ ጎማ መተካት። ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ያብጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በራሱ ላይ ይለጠፋል። የሚገዛው ለነዳጅ የተሠራ፣ ውስጡ ክር ያለው፣ ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ ጎማ ነው፤ መለዋወጫ ሊገዙ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ናሙናውን ይዘው ይሂዱ። ሲገጠምም ከታንከሩ ጀምሮ እስከ አንገቱ እየወጣ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ረግቦ ከተንጠለጠለ እጥፋቱ ውስጥ ነዳጅ ይጠራቀምና አዲሱ ቱቦም እንደ አሮጌው ይዘጋል። ፋሸታው (የጎማው ማሰሪያ ቀለበት) ጎማውን እስኪቆርጥ አይጥበቅ።

የቤንዚን መኪና ከሆነ

ቱቦዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ካኒስተሩ ይቀራል፤ ውስጡ የከሰል ፍሬ ያለበት ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ነው። በብዙ መኪና ታንከሩ አጠገብ፣ በአንዳንድ አሮጌዎች ላይ ሞተሩ ክፍል ይገኛል። ሦስት መንገድ አለው፦ ከታንከሩ፣ ወደ ሞተሩ፣ ከውጭ አየር። ኮረኮንች ላይ በሚውል መኪና የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የውጭ አየሩ ነው፤ አቧራና ጭቃ ይደፍነዋል፣ ሸረሪትም ትሠራበታለች። መጀመሪያ የዚህን ጫፍና ማጣሪያ ያጽዱ። እዚያው ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ) ካለ በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት ነው፤ ባትሪው ተፈትቶ አየር ካላሳለፈ ተበላሽቷል። ዲያግኖስቲክ ማሽን ላይ ፒ0446 የሚል ኮድ ከወጣ የሚያመለክተው ይህንኑ መስመር ነው።

ቀጥሎ በታንከሩ በኩል ባለው አፍ ወደ ካኒስተሩ ይንፉ፤ አየሩ በውጭ አየር መንገድ መውጣት አለበት። በመጨረሻ የነዳጅ ክዳኑን ከፍተው ከታንከሩ ወደ ካኒስተሩ በሚመጣው ቱቦ ወደ ታንከሩ ይንፉ፤ በአንገቱ ካልወጣ ታንከሩ አናት ላይ ያለው ቫልቭ ተጣብቋል፤ ታንከሩ መውረዱ ነው። ሁሉንም በእጅ መንፊያ ብቻ። በአፍ ቢነፉ ትነቱን ይስባሉ፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ የፕላስቲክ ታንከር ይሰነጥቃል።

ካኒስተሩ ሲፈታ ከከበደና ቤንዚን ካንጠባጠበ፣ ወይም ቱቦው ውስጥ ጥቁር ፍሬ ከታየ፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል። ያፈሰሰው ፍሬ ቫልቮቹን ስለሚይዝ መስመሩም ይጽዳ። ካኒስተሩን ጥሎ ቱቦውን በቡሎን መድፈን ግን አየሩን ጨርሶ መዝጋት ነው፤ ከፍቶ መተው ደግሞ የቤንዚን ትነት ከመኪናው ስር መልቀቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ግድ ሆኗልና፣ ትክክለኛውን ዕቃ ፈልጎ መግጠም ያዋጣል።

ሞተሩ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ለመነሳት የሚያስቸግር፣ ታንከሩ ግን በደንብ የሚሞላ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቷል።

ከጥገናው በኋላ ታንከሩ ሩብ ላይ ሳለ በሙሉ ፍጥነት ያስቀዱ። ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። አንዴ «ጣ» ካለ በኋላ ቀጂው «ትንሽ ልጨምርልህ» ቢል እምቢ ይበሉ፤ ካኒስተሩን በነዳጅ የሚያርሰው ያ ጭማሪ ነው።